ከዩሪያው በፊት ኖራው፦ ለግብርና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አሲዳማው የደጋ አፈር ስለሚጠብቀው ኖራ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ለመሥሪያ ቤት መጻፍ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ በቆየሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት በየሳምንቱ ሪፖርት እጽፍ ነበር። ይህን ያህል አባወራ ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ፣ ይህን ያህል ጥማድ በመስመር ተዘራ እያልኩ። ከእነዚያ ሁሉ ሪፖርቶች በአንዱም ላይ ስለ አፈሩ ራሱ አንዲት ቃል አላሰፈርኩም። ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም፤ እኔም ቦታ ይሰጠው ብዬ አልጠየቅኩም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በጊዜው ሳልጽፈው እንደቀረሁት ሪፖርት አድርጋችሁ ብትቀበሉኝ ደስ ይለኛል። ዘግይቷል፤ ግን ከመቅረት ይሻላል።

የተመደብኩት በአዊ ደጋ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ነበር። የወረዳውን ስም ልለፈው፤ ያን ጊዜ አለቆቼ የነበሩት ሰዎች እኔ ካጠፋሁት የባሰ አላጠፉም። አገሩ ዝናብ የማይሰለቸው፣ ጉሙ እስከ ረፋድ የማይገለጥበት ነው። ከኮሌጅ በወጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ በሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ የቀበሌው የዩሪያ ኮታ አልሞላ ብሎ ከቤት ቤት ስዞር ከአንድ ሽማግሌ ደጅ ደረስኩ። አማርኛቸው የአገውኛ ዜማ ያለው፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። «አያ፣ ዘንድሮ ስንት ልመዝግብልዎት?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ተነሡና «ተከተለኝ» አሉ።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ጓሮ ነው። የተዘራው ገብስ ከጉልበት በላይ ደርሷል፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከዚያ አጥሩን ዘልቀን ወደ ዳገቱ ማሳ ወጣን። እዚያ ያለው ገብስ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ቅጠሉ ቢጫ፣ ጫፉ ወይን ጠጅ ነው። ሁለቱም በአንድ ሳምንት የተዘሩ፣ ከአንድ ጎተራ የወጡ ናቸው። የጓሮው መሬት ማዳበሪያ አይቶ አያውቅም፤ የዳገቱ ግን በየዓመቱ ይደረግለታል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከዳገቱ አንድ ቡቃያ ነቀሉ። በሌላ እጃቸው ከጓሮው ነቅለው የያዙት ነበረ። አንዱን ከአንዱ አጠገብ አድርገው አሳዩኝ። የጓሮው ሥር እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጎ አፈሩን አቅፎ ወጥቷል። የዳገቱ ሥር አጭር ነው፤ ወፈር ብሎ፣ ጫፉ በእሳት እንደተለበለበ ጠቁሮ፣ ከጎኑ የሚወጡት ቀጫጭን ሥሮች ጨርሶ የሉም።

«ይህ ምን በልቶ ይደግ? አፉ ተዘግቷል» አሉኝ። ቆየት ብለውም «ጓሮው የምድጃ አመድና የበረት ፍግ ሲደፋበት የኖረ ነው። ይኸኛው ግን ታሟል። ልጄ፣ የታመመ ሰው እህል ቢደርቡለት ይድናል?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔም ሁለት ኩንታል መዘገብኩባቸው። ኮታው መሙላት ነበረበት። በጥር ዕዳውን ለመክፈል አንድ ወይፈን ሸጡ።

ያ ገብስ ምን ሆኖ እንደነበር በወጉ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሲገባኝም አፈርኩ። (ቃሉ ከአፈር ጋር መገጣጠሙ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።) ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃው ለብዙ ሺህ ዓመታት ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን እያጠበ ይወስዳል፤ በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀመጣሉ፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። እህሉን፣ ገለባውንና ፍጉን ሁሉ ከማሳው አንሥተን ምንም ካልመለስን ደግሞ ነገሩን እናፋጥነዋለን። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይጨምራል) ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዘዋል። ሽማግሌው በመዳፋቸው ላይ ያሳዩኝ ይህን ነበር። ይህ ብቻም አይደለም። አርሶ አደሩ ተበድሮ የበተነውን ፎስፈረስ አሉሚኒየሙና ብረቱ ጨብጠው ይይዙታል። ፎስፈረሱ ከማሳው አልጠፋም፤ አለ። ገብሱ ግን አይደርስበትም፤ እንደታገደ የባንክ ሒሳብ መሆኑ ነው። ፒኤች እንደ ሜትር እኩል እኩል የሚቆጠር ልኬት ባለመሆኑም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ6 ወደ 5 ወረደ ማለት አሲዱ በ10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ከረጢት በከረጢት መጨመር አያቶቻችን «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ያሉት ዓይነት ሥራ ነው።

መድኃኒቱም ምስጢር አይደለም። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ፣ እንደ በሶ ልሞ፣ ከመዝራት ከወር ከምናምን በፊት በማሳው ላይ ተበትኖ፣ በማረሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገልብጦ ከአፈሩ ጋር ሲዋሐድ አሲዱን ያረግበዋል፤ አሉሚኒየሙም ተመልሶ ይታሰራል። በአግባቡ የተደረገ ኖራ አራትና አምስት ዓመት ይሠራል። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልና በሌሎችም ለዓመታት በተደረጉ ሙከራዎች ኖራና ፎስፈረስ ሲጣመሩ ገብስ የሚሰጠው ምርት፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲደረጉ ከሚገኘው በእጅጉ እንደሚበልጥ ታይቷል። የሽማግሌው አመድም የሠራው ይህንኑ ነው፤ አመድ የድሃ ኖራ ነው። በአንዳንድ ደጋዎች አርሶ አደሩ አፈሩን ከምሮ በማቃጠል ገብስ ይዘራ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃጠሎው ለአንድ ሁለት ዓመት አሲዱን ያበርድለታል፤ የአፈሩን ለምነት አብሮ ማቃጠሉ ነው ክፋቱ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ላስተምራችሁ አይደለም፤ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማነት እንዳለበት በየመድረኩ ስትናገሩ ሰምቻለሁ። ከአዊና ከጎጃም ደጋ እስከ ወለጋዎቹ ነጆና መንዲ፣ ከወልመራ እስከ ጨንቻና እስከ ሲዳማው ሀገረ ሰላም ድረስ ካርታው ተሠርቷል። የአፈር መረጃ ሥርዓት የሚባለው ፕሮጀክት፣ በተለምዶ ኢትዮሲስ የምንለው፣ ናሙና እየሰበሰበ አገሩን ሲያካልል ቆይቷል። በጉደርና በደጀን የኖራ መፍጫዎች ተተክለዋል። ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። ችግሩ ዕውቀቱ በጀትና መኪና ሳያገኝ ከአዳራሹ በር ላይ መቆሙ ነው።

እንዴት እዚህ ደረስን ብዬ ሳስብ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መለጠፍ ይቸግረኛል። በ1960 ዓ.ም. መባቻ የጭላሎ የግብርና ልማት ክፍል፣ ካዱ የተባለው፣ በስዊድን ድጋፍ አርሲ ላይ ሥራ ሲጀምር ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር ለአነስተኛ ገበሬ ማድረስ ትልቅ እመርታ ነበር። ከዚያ ሥራውን በሰፊው ለማዳረስ ሚኒመም ፓኬጅ የተባለው ፕሮግራም መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በየማሳው የማሳያ ሰብሉን ዘራ፤ ተከትሎ ብሔራዊው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያንኑ መንገድ ይዞ ወጣ። ፓኬጁ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል፤ ከረጢቱ ግን ለረጅም ዘመን ያው ነበር። ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ (ፎስፈረስና ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ)፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ለአርሲም፣ ለአዊም፣ ለመረሬው ጥቁር አፈርም ለቀይ አፈሩም። በአርሲና በባሌ ስንዴ፣ በባኮ በቆሎ ላይ ማዳበሪያ ያመጣውን ለውጥ የሚክድ ካለ እኔ አይደለሁም። የምለው፣ አርሲ ላይ የሠራው ልክ አዊ ላይ እንደማይሠራ እያወቅን ሃምሳ ዓመት ያንኑ ልብስ ለሁሉም ሰፋን ነው። ቆይቶ ዳፕ ድኝ በታከለበት በኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ ተተካና አንዳንድ ቦታ ቦሮንና ዚንክ ተጨመረ። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ ለተቃጠለ ገብስ የምግቡን ዓይነት መቀየር ምን ይፈይዳል?

አሁን ደግሞ ወደ ጎዴ ልምጣ።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት መስማማቱን ሰምተናል። 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈስበት፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት፣ የኦጋዴንን የተፈጥሮ ጋዝ የሚጠቀም ፋብሪካ። እውነቱን ለመናገር ዜናውን የሰማሁ ቀን ደስ ብሎኛል። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ እስኪመጣ ሰኔ ሲያልፍ ያየ ሰው የማይደሰትበት ምክንያት የለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል አርሶ አደሮች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ አቤት ለማለት መሄዳቸውን ማን ይረሳዋል? ፋብሪካው ይሠራ፤ ቢፈጥንም ደግ ነው።

ሆኖም ዩሪያ ራሱ አፈርን አሲዳማ ያደርጋል። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይህን ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲቀይሩት አሲድ ይለቀቃል፤ ናይትሬቱ በዝናብ ታጥቦ ሲወርድ አሲዱ እዚያው ይቀራል። በአፈር ሳይንስ መጻሕፍት እንደሚሰላው፣ ከዩሪያ የመጣ አንድ ኪሎ ናይትሮጅን የሚያስከትለውን አሲድ ለማርገብ 1.8 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ኖራ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ኩንታል ዩሪያ ከ80 ኪሎ በላይ ኖራ ይጠይቃል ማለት ነው። ይህ የቆየውን በሽታ ለማዳን የሚያስፈልገውን አይጨምርም፤ አዲሱን ጉዳት ለመመለስ ብቻ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ ቢያመርትና ምርቱ በሙሉ አገር ውስጥ ቢበተን በዓመት ወደ 2.5 ሚሊዮን ቶን ኖራ ይፈልጋል። እውነት ነው፣ ሁሉም እዚህ አይበተንም፤ ከፊሉ ወደ ውጭ ይሸጣል። የሚበተነውም በየቦታው ጉዳት አያደርስም፤ ኖራ በተፈጥሮው ያለበት የቆላ መሬትና የመረሬ አፈር አሲዱን በቀላሉ ይችለዋል። እንግዲያው ሢሶውን ብቻ እንውሰድ፤ ከ800 ሺህ ቶን በላይ ይሆናል። 400 ኩንታል በሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ምልልስ ነው። ለእነዚህ መኪኖች ማን በጀት ያዘ? ለዩሪያው የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አየሁ፤ ለኖራው ድንጋይ ግን ገና ፈላጭ አልተቀጠረም።

ደግሞ የሚያስቆጨው ድንጋዩ ሩቅ አለመሆኑ ነው። የዓባይን ሸለቆ በደጀን በኩል የወረደ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተነባበረውን የኖራ ድንጋይ አይቶታል። ከሸለቆው አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቢጓዝ የሚያገኘው አፈር ያንን ድንጋይ የሚለምነው አፈር ነው። የሙገር ሸለቆም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ለሲሚንቶ ሲቆፈር ስንት ዘመኑ። ከተማ ለመገንባት ድንጋዩን መፍጨት ችለናል። ገብስ ለማብቀል ሲሆን ነው የሚያቅተን።

ወደ መንደር ስንወርድ ደግሞ ኖራ የማይደርስበት ምክንያት በጣም ቀላልና በጣም አድካሚ ነው። እንደ አፈሩ ሕመም ለአንድ ሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ላለው አባወራ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ይደርሰዋል። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ አህያ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኩንታል ብዙ አትጭንም። ለአንድ ጥማድ እስከ 20 ምልልስ! ማዳበሪያ ይህን ያህል አያስለፋም፤ ግማሽ ኩንታሉን ከረጢት በአንድ አህያ ጭኖ ይሄዳል። ለዚህ ነው «ኖራ ለአርሶ አደሩ ቀርቦለት አይወስድም» የሚል ሪፖርት ሳነብ የሚያናድደኝ። የቀረበው የት ነው? ወረዳ ከተማ ላይ ነው? በየትኛውስ ወር?

በእኔ ጊዜ አንድ ዓመት ኖራ መጣልን። የመጣው በሐምሌ ነው፤ ማሳው ሁሉ ከተዘራ በኋላ። ከአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ጀርባ፣ ሸራ ሳይለብስ፣ በዝናብ ውስጥ ተቆለለ። ከረጢቱ እየተቀደደ ነጩ ዱቄት በጭቃው ላይ ፈሰሰ፤ የተረፈው ተጓጉሎ በዶማ የሚፈነቀል ሆነ። ልጆች ከእሱ እየቆረሱ የማሰልጠኛውን ግድግዳ ሲጽፉበት ከረሙ። በሪፖርቱ ላይ «ኖራ ተሰራጭቷል» ተባለ። ያንን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከጉልበቱና ከወቅቱ ሌላ የብድሩም ጉዳይ አለ። የማዳበሪያ ብድር በክረምት ተወስዶ በጥር ይከፈላል። የኖራ ጥቅም ግን በአራትና በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ የሚመጣ ነው። የአምስት ዓመት ጥቅምን በስድስት ወር ብድር መግዛት የትኛውም ነጋዴ የማይገባበት ንግድ ነው፤ አርሶ አደሩም አይገባበትም፤ ሞኝ ስላልሆነ። የእኩል አራሹማ ጭራሽ አይታሰብም። ዘንድሮ በእኩል የያዘውን መሬት ከርሞ ሌላ ሰው ሊያርሰው ይችላል። ኖራ ቢያደርግ የሚያድነው የሌላውን ጎተራ ነው። መሬቱ ያላቸው አቅመ ደካሞች ደግሞ፣ ብዙዎቹ በሬ የሌላቸው ባልቴቶች፣ ኖራ የሚገዙበት ገንዘብ የላቸውም። በገጠር ከሚታረሰው ቀላል የማይባለው መሬት በእኩልና በኪራይ እንደሚታረስ እያወቅን «አርሶ አደሩ ይግዛ» የሚል ፖሊሲ መጻፍ ነገሩን በጨዋ ቋንቋ መተው ነው።

አርሶ አደሩ ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቃችሁም። አዊን በቅርብ ያየ ሰው የሚያውቀው ነው፤ በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገብስ አልሰጥ ያለው ማሳ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ለበሰ። የመጀመሪያውን ዓመት ከችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፤ ከዚያ ዛፉ ይተዋል፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና በመኪና ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይጫናል። ብዙ ቤተሰብ ቆርቆሮ ያለበሰውና ልጅ ያስተማረው በዚህ ነው፤ የናንተም የእኔም ምክር አልነበረበትም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን በሽታ መታው። ያን ያህል ሰፊ መሬት በአንድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሮ አሁን ምን እንደሚሆን ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሌላው ገብሱን ትቶ እንግዶ የተባለውን የአጃ ዓይነት እህል ዘራ፤ እንግዶ አሲድ ይችላልና። ባቄላ ግን ጠፋ። የባቄላ መጥፋት ቀላል አይደለም፤ ለመሬቱ ናይትሮጅን የሚመልስ፣ በጾም ወራት ቤቱን የሚይዝ ሰብል ነበር።

ብራዚልን ማንሣት ፋሽን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየስብሰባው የሚጠራ አገር ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አለው። ሴራዶ የሚባለው ሰፊ የሣር ምድራቸው ለዘመናት እህል የማያበቅል ተብሎ የተተወ፣ አሲዳማና አሉሚኒየም የበዛበት አፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ኢምብራፓ የተባለውን የምርምር ድርጅታቸውን አቋቁመው ኖራና ፎስፈረስን አጣምረው፣ ለአፈሩ የሚስማማ ዘር አውጥተው፣ የረጅም ጊዜ ብድር አዘጋጅተው ያንን መሬት ከዓለም ትልልቅ የአኩሪ አተርና የበቆሎ ማሳዎች አንዱ አደረጉት። በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ለዚሁ ሥራ ተሰጥቷል። የብራዚል ሰፋፊ እርሻና የእኛ ሩብ ሄክታር እንደማይመሳሰሉ አውቃለሁ፤ ደኑና የተፈጥሮው ሣር ላይ ያደረሱትም ጉዳት እንዲደገም አልፈልግም። የማነሣው ቅደም ተከተላቸውን ነው። መጀመሪያ አፈሩን አከሙ፤ ማዳበሪያው የሠራላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ምን ትፈልጋለህ ብትሉኝ፣ ኖራን እንደ ግብዓት ሳይሆን እንደ መንገድና እንደ ድልድይ ቁጠሩት ነው የምላችሁ። ወደ ቀበሌ የሚገባውን ጥርጊያ መንገድ አርሶ አደሩ በብድር ይግዛው አላላችሁም፤ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ነገር ስለሆነ በሕዝብ ገንዘብ ሠራችሁት። ኖራም እንዲያው ነው። ለማዳበሪያ ድጎማ መንግሥት በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ያወጣል። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ቆርሳችሁ ለኖራ መፍጫና ለማጓጓዣ ብታውሉት የቀረው ድጎማ ራሱ ዋጋ ያገኛል፤ አሁን ግን በአሲዳማው መሬት ላይ የምትደጉሙት አሉሚኒየሙን ነው።

ኖራው ከጥር እስከ ሚያዝያ ይምጣ። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ማሳው ባዶ ነው፣ በሬው ሥራ ፈትቷል፤ ወጣቱም ቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የሚወርደው በዚያው ወቅት ነው። ከወረዳ ከተማ መጋዘን አልፎ እስከ ማሳው ዳር ይድረስ፤ የመጨረሻዋን አምስት ኪሎ ሜትር ካልሸፈናችሁ የመጀመሪያውን መቶ ኪሎ ሜትር በከንቱ ሸፈናችሁ። የሲሚንቶ ድንጋይ ለሚያወጡ ፋብሪካዎች ፈቃድ ሲታደስ ለእርሻ የሚሆን የላመ ኖራ በውል የተወሰነ መጠን እንዲያቀርቡ ማድረግም ከባድ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ ኖራን ደግሞ አዲሱ ዳፕ እንዳታደርጉት። ይህን የምለው ራሴን ስለማውቅ ነው። ነገ «ለእያንዳንዱ ቀበሌ ይህን ያህል ኩንታል ኖራ» የሚል ኮታ ቢወርድ እንደ እኔ ያለ ሠራተኛ መረሬ መሬት ላይ ሳይቀር አስበትኖ ሪፖርት ያደርጋል። ኖራ በማያስፈልገው መሬት ላይ ያለ ልክ ቢበተን ዚንኩንና ብረቱን ለሰብሉ ያሳጣል፤ ሕመም ለማዳን ሕመም መግዛት ነው። ብቻውንም ተአምር አይሠራም፤ ፎስፈረስ፣ ፍግና ደኅና ዘር ካልተከተሉት አርሶ አደሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ተስፋ ይቆርጥበታል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ እስካለቀ ድረስ ደግሞ ስለ ፍግ መስበክ ቀልድ ነው፤ የማገዶው ጉዳይ ከአፈሩ ጉዳይ የተለየ ፋይል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ልኬቱ ይቅደም። የፒኤች መለኪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። በየልማት ጣቢያው አንድ ቢኖርና ሠራተኛው በበጋ እየዞረ ቢለካበት የየማሳው ሕመም በሁለት ዓመት ውስጥ ይታወቃል። እርግጥ ኖራው ምን ያህል ይሁን ለሚለው የላቦራቶሪ ምርመራ ይሻላል፤ ግን ላቦራቶሪው እስኪደርስ የትኛው ማሳ እንደታመመ ማወቅ ራሱ ግማሽ መንገድ ነው።

ቅጹንም ቀይሩት። ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የልማት ሠራተኛ የሚሠራው በሚለካበት ነገር ነው። እኔ የተለካሁት በከረጢት ስለነበር ከረጢት አራገፍኩ። በአንድ ቀበሌ ሦስት ሠራተኛ መድባችኋል፤ ሰብል፣ እንስሳት፣ የተፈጥሮ ሀብት። ሦስቱም ከእርሻቸው ሥራ ውጪ ስብሰባ መጥራት፣ መዋጮ መሰብሰብና ብድር ማስመለስ ይታዘዛሉ። አርሶ አደሩ ከግብርና ባለሙያው ይልቅ ቀረጥ ሰብሳቢ ሲመጣ የሚያይ ከሆነ ስለ አፈሩ ምን ብሎ ያማክረዋል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ይህንንም ታውቁታላችሁ። በቅጹ ላይ «የተሰራጨ ማዳበሪያ» ከሚለው አምድ አጠገብ «ፒኤቹ የተለካ ማሳ» የሚል አንድ አምድ ብትጨምሩ፣ ሌላ ምንም ሳታደርጉ፣ በርካታ ወጣት ሠራተኞች በበጋው ወራት መለኪያ ይዘው ማሳ ሲዞሩ ታያላችሁ።

ሽማግሌው ዛሬም አሉ። ሥራውን ከተውኩ በኋላም በዓል ሲመጣ እደውልላቸዋለሁ። ዳገቱን ማሳ ዲከረንስ አልብሰውት ነበር፤ ዛፉ ሲታመም መነጠሩት። ባለፈው ስደውልላቸው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ላሟ፣ ስለ አካባቢው ሰላም ስንጨዋወት ቆይተን ልንሰነባበት ስንል «እኔ የምልህ፣ ያ ከማሰልጠኛው ጀርባ የነበረው ነጭ ዱቄት ዘንድሮ ይመጣል ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «ሲመጣ በጥር ይምጣ በልልኝ። በሐምሌ ከመጣ አልፈልገውም።»

ምን ልበላቸው?

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለክልል ግብርና ቢሮዎች
ለማዕድን ሚኒስቴር
በየቀበሌው ለሚገኙ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች